እቴቴን የዳርኩበት ጥር

ባለፈው ወር ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች ቤታቸውን ሲያስቀቡ የቀለሙ ሽታ በደረጃው ወጥቶ በራችን ድረስ መጣ። ሌላ ሰው ቀለም ሲሸተው ራሱን ያመዋል፣ ወይ መስኮት ይከፍታል። እኔን ግን ያሳፍረኛል። ፊቴ ይግላል፣ የሆነ ቦታ ሄጄ መደበቅ ያምረኛል። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። እውነቱ ረጅም ነው፤ ደግሞም በስምንት ዓመቴ የሠራሁትን ጥፋት አሁን ቁጭ ብዬ ላስረዳው አልፈለግሁም።

ያኔ ቤታችን ጂንካ ነበር፣ ከተማው መሐል ካለው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ትንሽ ከፍ ብሎ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሳሎን፣ ሁለት ክፍል፤ ከኋላ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ እንሰትና አንድ የአቮካዶ ዛፍ። አባዬ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ እማዬ አስተማሪ ነበሩ። በዚያ ዓመት አባዬ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረና ቤቱን ሊሸጥ ወሰነ። ይህን ዛሬ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ። ያኔ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለእኔስ ይሁን፣ ልጅ ነኝ፤ ለእቴቴም አልነገሯትም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እቴቴ የአባዬ ታናሽ እህት ናት። ስሟ አማረች ነው፤ በስሟ የሚጠራት ሰው ግን ብዙም አልነበረም። እኔ ስወለድ፣ እማዬ እስክትጠነክር ለአንድ ክረምት ብቻ ተብላ፣ ከከተማው በላይ ካለው የአሪ ገጠር ከአያቴ ዘንድ መጣች። ክረምቱ አለቀ። እማዬ ወደ ማስተማሯ ተመለሰች፤ ከዚያ ናቲ ተወለደ፣ ከዚያ ያቤጽ ተወለደ፣ እቴቴም እንደመጣች ቀረች። ጀርባዋ ያለ ልጅ ባዶውን ሆኖ ያየሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሃያ ስምንት ወይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይሆናት ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ አግብተው ወልደዋል፤ እሑድ ጸሎት ቤት ስንሄድ እየሳሙን ያቤጽን የእሷ ልጅ አድርገው ያጫውቱት ነበር።

ጋሽ ደምሴ የመጡት ከገና በኋላ ነው። ኮት የለበሱ፣ ዣንጥላቸውን ክንዳቸው ላይ ያንጠለጠሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ደላላ መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ጓሮ እየተዘዋወሩ በዣንጥላቸው ጫፍ እያመለከቱ ትእዛዝ ሰጡ። ስንጥቁ ይደፈን። ግድግዳው ይለሰን። ሳሎኑ ነጭ ቀለም ይቀባ። ዶሮዎቹ ይሸጡ፣ ፖፖው ከዓይን ይጥፋ፣ ገመድ ላይ የሕፃን ጨርቅ አይሰጣ።

«ልጆቹስ?» አለች እማዬ።

ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው አዩን። ናቲ አራት ዓመቱ ነው፣ ሱሪ አላደረገም። ያቤጽ ገና ዓመት ከመንፈቁ፣ እቴቴ ጀርባ ላይ ነው። እኔ የአቮካዶ ፍሬ እየጠባሁ ነበር።

«ልጆቹ እንግዲህ» አሉ ራሳቸውን እያከኩ፣ «ሰው ሲመጣ እንዳልተወለዱ ይሁኑ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። የምማረው በከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ጠዋት የግድግዳ ዘበኛ ሆንኩ። ይህ ቀላል ሥራ የሚመስለው ያቤጽን ለማያውቅ ሰው ነው። ያቤጽ ግድግዳ ይበላ ነበር። እውነቴን ነው። ከአልጋው ጥግ አንድ ቦታ መርጦ፣ በጥፍሩ እየፈለፈለ፣ በጣም ተረጋግቶ ይበላ ነበር። ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ አበጅቷል። እቴቴ በጭቃና በጭድ ደፈነችው፣ ላዩን በእበት አለሰለሰችው፤ በማግስቱ ተቀምጦ አገኘነው። አዲሱ ከአሮጌው ሳይጣፍጠው አልቀረም። አባዬ በብስጭት የተረፈው ምርጊት ላይ በርበሬ ጨመረበት። ያቤጽ አንዴ ላሰው፣ ጮኸ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሌላ ቦታ ጀመረ።

የናቲ ደግሞ ከሰል ነው። ከሰል ካየ መኪና ሳይስል አይውልም። ሳሎኑ ነጭ ከተቀባ በኋላ በቀን አሥር ጊዜ «እጅህን አሳየኝ» እለው ነበር። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስወጣ አመለጠኝ፤ ተመልሼ ስገባ በሩ አጠገብ አምስት ጣት ከነመዳፉ ታትሟል። እማዬ ከትምህርት ቤት መጥታ አየችውና ደብተሮቿን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች። ሰው ለአንድ የእጅ ምልክት እንዴት ያለቅሳል? ባለፈው ዓመት ብርጭቆ ከነትሪው ስሰብር እንኳን አላለቀሰችም። እናቴ የምትገባኝ ሴት ነበረች፤ በዚያ ወር ግን ጭራሽ አልገባችኝም።

ያልገባኝ ብዙ ነው። ስንት ዓመት ስንጥቅ ስንቆጥርበት የኖርነው ቤት በድንገት ለምን ተዋበ? ተዋበና ደግሞ ለምን አትቀመጡበት ተባልን? አዲሱ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፎ ምሳ ጓሮ ነበር የምንበላው። እኔና እቴቴ የምንተኛበት አልጋ ተፈታና ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ተቀመጠ፤ ጋሽ ደምሴ «ክፍሉን አጠበበው» ብለዋል። ማታ ፍራሽ እንዘረጋለን፣ ጠዋት ጠቅልለን እንደብቃለን። በገዛ ቤታችን ኮቴአችን እንዳይሰማ የምንኖር እንግዶች ሆንን።

መልሱን ያገኘሁት ሰዎቹ ሲመጡ ነው።

ጋሽ ደምሴ ሁለት ሰዎች ይዘው መጡ። አንደኛው ከዲመካ የመጣ፣ ፒካፕ መኪና ያለው ነጋዴ ነው፤ ሌላኛው ታላቅ ወንድሙ ነው። እኛ ልጆች ጓሮ ተልከናል፤ ናቲን በአቮካዶ ደልዬ በመስኮቱ ክፍተት አየሁ። ሦስቱ ወንዶች ኮት ለብሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። በዝግታ ነው የሚያወሩት። እማዬ ለስላሳ አስገዝታለች፤ ያቀረበችው እቴቴ ናት። የዲመካው ሰውዬ ቀና ብሎ አያትና «ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ብሎ ጠየቃት። «ጎረቤቶቹስ ሰላም ናቸው?» አላት። እቴቴ አንገቷን ደፍታ መለሰች። እሷ ስትወጣ ጋሽ ደምሴ ወደ አባዬ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። አባዬ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ልናስብበት ይገባል» አለ።

ይህን ነገር አውቀው ነበር። ከዓመት በፊት ከጀርባችን ያሉትን ጎረቤቶች ልጅ ሲጠይቁ ልክ እንዲህ ነበር የሆነው። ሽማግሌ ቀድሞ ይመጣል፣ ኮት ይለበሳል፣ አንሾካሹከው ይነጋገራሉ፣ አባት ጊዜ ይጠይቃል፣ ልጅቷ ትሪ ይዛ ትገባለች። ቤታቸውም ተለስኖ፣ ተቀብቶ ነበር። በዚያ ላይ ወሩ ጥር ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዳረው በጥር ነው። አልጋችንም ቢሆን የተፈታው ለዚህ ነው፤ የምትሄድ ሰው አልጋ ምን ያደርግላታል? አንድም የሚቃረን ነገር አላገኘሁም። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ጥቂት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ ሳሙና ልገዛ እትዬ አስካለ ሱቅ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ከሰሜን የመጣች፣ በሰፈሩ የሚሸጠውን ሁሉ የምትሸጥ፣ የሚወራውን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። የእኛን ግድግዳ ግን ማወቅ አልቻለችም፤ ይህ እንቅልፍ ነስቷታል።

«ምሕረቴ፣ እናንተ ቤት ምን ተገኘ? ቀለም፣ ምርጊት...»

«እቴቴን ሊወስዷት ነው።»

«ማን?»

«የመኪናው ሰውዬ። ሽማግሌ ልኳል።»

እትዬ አስካለ ባንኮኒዋ ላይ ተደገፈች። ጣሳዋን ከፍታ አንድ ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላውን ሳየው ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፦ ሰውዬው ሀብታም መሆኑ። ሁለተኛ ከረሜላ መጣ። ዲመካ ውስጥ ትልቅ ቤት እንዳለው ጨመርኩ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ከረሜላው በአራት ቆመ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልዋሸሁም።

ለእቴቴ የነገርኳት ነሪ ወንዝ ልብስ ስናጥብ ነው። ያቤጽ ዳር ላይ ድንጋይ ይልሳል፣ ናቲ ውሃ ይረጫል። «እቴቴ፣ ያ ሰውዬ እኮ ለአንቺ ነው የመጣው» አልኳት። እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ቆመች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል።» ይህ በዚያን ሰዓት እውነት ሆኖ ነበር።

ከዚያ ልብሱን እየጨመቀች «ወንድሜ አልነገረኝም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለውሃው። ቀጥላ ደግሞ ራሷ መልስ ሰጠች፦ «ለነገሩ ለሴቷ የሚነገራት መጨረሻ ላይ ነው።»

ቤት ስንደርስ አባዬን ጠየቀችው። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ወንድም ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የሚመላለሱት ለምንድን ነው?» አለችው። አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ እማዬ አየ፤ እማዬ ወደ መሬት። «ሲያልቅ እነግርሻለሁ» አለ። «አንቺንም የሚመለከት ነገር ነው። ትንሽ ታገሺኝ።» ጋሽ ደምሴ ነገሩ ሳያልቅ ወሬ ከወጣ ይበላሻል ብለው አስጠንቅቀውት ነበር፤ ይህ ምክንያቱ ነው ብሎ ሲናገር ኖሯል። እኔ ግን አሁን ሳስበው ዓይኗን እያየ መናገር አቅቶት ነው። ያም ሆነ ይህ እቴቴ ከክፍሉ ስትወጣ ጥርሷ አልከደን ብሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት የእቴቴ ናቸው። ከሣጥኗ ሥር ስንት ዓመት የተኛ ጨርቅ አውጥታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደችው። ጸጉሯን ተሠራች። ስትጠርግ ትዘምራለች፣ ስትለስን ትዘምራለች። ስለ ሰውዬው ስም እንኳን አልጠየቀችም፤ ግን ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ሲሄድ «እጁን ሳይታጠብ አልበላም፣ አየሽ?» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ያቤጽን እያባበለች «ዲመካ ሙቀቱ ይከብድ ይሆን?» አለች። እኔ ሁሉን አዋቂ ሆኜ «መኪና አለው፣ ነፋስ ይገባል» አልኳት። ደስታዋን ማየት ደስ ይለኛል፤ ማታ ፍራሹ ላይ ጎኗ ተኝቼ ደግሞ ስትሄድ ማን እንደሚያስተኛኝ እያሰብኩ አለቅስ ነበር። እንድትሄድና እንዳትሄድ እኩል እፈልግ ነበር።

ሰፈሩም ዝም አላለም። የውጪው ግድግዳ ልስን ገና ነበርና አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤት ሴቶችና የጸሎት ቤቱ እናቶች ሳይጠሩ መጡ። ውሃ ተሸክመው፣ ጭቃ አቡክተው፣ እየዘመሩ እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱት። እቴቴን በክርናቸው ጎሸም እያደረጉ ይስቃሉ፤ እሷ ጭቃ በነካው እጇ ፊቷን ትሸፍናለች። እማዬን «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲሏት ስለ ዝውውሩ መስሏት «እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ለአባዬ «ማን ነገራቸው?» ትለዋለች። አባዬ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን አውቀው ሊሰናበቱን የመጡ መስሎት በሰዎቹ ደግነት ልቡ ተነካ። ሁላችንም አንድ ግድግዳ እየለሰንን እያንዳንዳችን ሌላ ሌላ ነገር ነበር የምናስበው።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሰውዬው ውሉን ሊፈርም መጣ። ሳሎን ውስጥ አባዬ፣ ጋሽ ደምሴ፣ የዲመካው ሰውዬ፣ ወንድሙና ሁለት ምስክሮች ተቀምጠዋል። እኔ ወንድሞቼን ይዤ ጓሮ መቆየት ነበረብኝ፤ ግን ትልቁ ቀን ዛሬ እንደሆነ ስለገባኝ ሁለቱንም እየጎተትኩ የጓዳው በር ላይ ቆሜአለሁ። እቴቴ አዲሱን ልብሷን ለብሳ ማዕድ ቤት ትሪ ታዘጋጃለች።

በዚህ መሐል አባባ፣ አያቴ፣ ገቡ።

ወሬው እዚያ ላይ ተራራው ድረስ ደርሶላቸዋል። ሌሊት ተነስተው በእግራቸው ነው የመጡት። በክንዳቸው የማር ቅል ታቅፈዋል። አባባ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። ሁሉም ብድግ አለ። የአባዬ ፊት አመድ መሰለ፤ ቤቱን መሸጡን ለአባቱ አልነገረም ነበርና።

አባባ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «የትኛው ነው ሰውዬው?»

ጋሽ ደምሴ በአገጫቸው ወደ ነጋዴው አመለከቱ።

አባባ ሄደው ሁለት እጁን ያዙት። ማሩን እግሩ ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው መጀመሪያ በአሪኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ መረቁት። «የገባህበት ቤት ይሙቅ። ውለድ፣ ክበድ። ዝናብ በጊዜው ይምጣልህ። እጅህ የያዘው አይጥፋ።» ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ «አሜን» ይላል። ምስክሮቹ «አሜን» ይላሉ። አባዬ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። አባቱ የቤቱን ነገር ሰምተው፣ ይቅር ብለው፣ ሊመርቁለት የወረዱ መስሎት ነው። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት የነበረኝ ኩራት! ይህን ሠርግ ከሁሉም ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነበርኩ።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። አንዲት ሴት ሁለት ልጆች አስከትላ ገባች። ለሁላችንም ቸኩላ ሰላምታ ሰጠችና መስኮቱን በእጇ ስንዝር መለካት ጀመረች። ወደ እኛ ክፍል አንገቷን አስግጋ አየች። «ይቺኛዋ የልጆቹ ትሁን» አለችው ሰውዬውን።

«ይሄስ ማነው?» አሉ አባባ።

«ባለቤቴ ናት» አለ ሰውዬው።

አባባ እጁን ለቀቁት። «እንዲህ ከሆነ የኔን ልጅ ምን ልታደርገው ጠየቅህ?»

«የትኛዋን ልጅ?» አለ ሰውዬው፤ ግራ ገብቶት ጋሽ ደምሴን፣ አባዬን አየ። «አባት፣ እኔ የገዛሁት ቤት ነው።»

እቴቴ በሩ ላይ ነበረች። ትሪው ላይ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሁላችንም ዞረን አየናት። ቀስ ብላ ገባች፣ አንድም ጠርሙስ ሳታናጋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ለሰውዬው ሚስት ወንበር ስባ አቀረበችላት። ከዚያ ወጣች።

አባባ አሁንም ቆመው ነበር። «አማረችስ?» አሉ። «እሱ የት ነው የሚገባው?»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አርባ ምንጭ ያገኘነው ቤት ጠባብ ነው፣ አባባ። ለጊዜው... ከእርስዎ ዘንድ ብትመለስ ብለን ነው።»

«ለአንድ ክረምት ነው የሰጠሁህ» አሉ አባባ።

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም፤ አልጮሁም። የዲመካው ሰውዬ ግን ተጨንቆ «አባት፣ ምርቃቱስ?» አለ። ምስኪን፣ ምንም ጥፋት የለበትም።

«ምርቃት ወጥቷል፣ አይመለስም። ኑርበት» አሉት። ጎንበስ ብለው ቅሉን አነሱ። «ማሩ ግን የሠርግ ነው።» ታቅፈውት ወጡ።

ውሉ በዚያው ዕለት ተፈረመ።

እቴቴን ያገኘኋት ማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ በተፈታው አልጋችን እንጨቶች ላይ ተቀምጣ ነው። አዲሱን ልብሷን አላወለቀችም። ያቤጽ እኔን ጥሎ ሮጦ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ፤ እሷም ሳታስብ እጇን ወደ ኋላ ልካ ደገፈችው።

«እትዬ አስካለ ናት የነገረችሽ?» አለችኝ።

እትዬ አስካለ ናት ብል ያልፍ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ።» ማልቀስ ጀመርኩ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን አየችኝና፣ አየችኝና፣ «ሂጂ፣ ናቲ ብቻውን ነው፣ ግድግዳውን ያበላሸዋል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው የእኛ እንዳልሆነ ሁለታችንም ትዝ አለን፤ እኔ ግን ሄድኩ።

አባዬ በኋላ አፍሮ «ተጣበንም ቢሆን አብረን እንሂድ» አላት። አባባም ወደ ገጠር እንድትመለስ ጠየቋት። ሁለቱንም እምቢ አለች። በሕይወቷ እምቢ ስትል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለወንድሟ «ለልጆቹ ሞግዚት ቅጠር» አለችው፤ ለአባቷ «እኔ ደግሞ በራሴ ልኑር እስቲ» አለቻቸው። እትዬ አስካለ በወሬው ተጸጽታ ይሁን ወይ ሠራተኛ ፈልጋ፣ ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠቻት። እማዬ አልጋውን ለእሷ ተወችላት። ሁለቱ ሲሰናበቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እማዬ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር።

የሄድነው በየካቲት መጀመሪያ ነው። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጫነ። እቴቴ ስንጭን አብራን ስትሸከም ዋለች፤ ያቤጽ እንደለመደው ጀርባዋ ላይ ሆኖ። ሁሉም ሲያልቅ እኔን ወደ ጎን ጠራችኝና ተንበርክካ የጫማዬን ክር አሰረችልኝ። አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠረገች።

«ሦስት ሳምንት ሙሽራ አደረግሽኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው አስቦልኝ እንኳን አያውቅም።»

ምስጋና ነው? ወቀሳ ነው? ፊቷን አየሁት፤ ልለየው አልቻልኩም። ልጠይቃት ፈልጌ አፈርኩ። ከዚያ ያቤጽን ከጀርባዋ ፈታችና ለእማዬ አቀበለቻት። ያቤጽ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ በሁለት እጁ እየተንጠራራ «እማ! እማ!» እያለ ጮኸ። እናቴ ታቅፋው ነበር።

እማዬ ከልጆቹ ጋር ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ አባዬና እኔ ከኋላ ዕቃው መሐል። እቴቴ አጥሩ ጥግ ቆማለች። ልጅ ያላዘለ ጀርባዋን ምን እንደምታደርገው ያላወቀች ይመስል እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች።

ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ሰው ሁሉ ገብቷል?» ብሎ ጮኸ።

«ገብተናል» አለ አባዬ። «ሁላችንም ገብተናል፤ ንዳው።»

በዚያ ጥር ላልተጠየቅሁት ነገር ሁሉ መልስ የሰጠሁት እኔ፣ አባቴን ቀና ብዬ አየሁትና አፌን ዘጋሁ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።